ለመብራት የተሰፋ ቆብ

ኮምቦልቻ
ነሐሴ 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘይቱና ኑርሁሴን
ደሴ

አሰላሙ አለይኩም ልጄ። እንዴት ከርመሻል? እኔ አልሀምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ሳሉ ለቆኛል ማለት ይቻላል፤ ማታ ማታ ብቻ ይመጣና እንደ ጎረቤት ትንሽ ተቀምጦ ይሄዳል። ስለዚህ መድኃኒት አትላኪ።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ ጀላል አደረሰኝ። «ነገሩ ገብቶዎታል ወይ?» ብለሽ ስለ ጠየቅሽኝ የገባኝን ልጻፍልሽ፤ ከተሳሳትሁ አርሚኝ። ክረምቱ ሲወጣ ወፎች ከባሕር ማዶ ተነሥተው ሌሊት ሌሊት በኛ ሰማይ ያልፋሉ። ጉም የወረደ ጊዜ የኮምቦልቻን መብራት ያዩና መንገዱ ይጠፋቸዋል። መብራቱን ሲዞሩ ሲዞሩ ደክመው ይወድቃሉ፤ አለዚያም ከግድግዳ ጋር ይላተማሉ። ይህን ሳነብ እውነትነቱ ታየኝ፤ ምክንያቱም የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ሰግጄ ስመለስ ከሆቴሉ ደጅ ድርጭት ወድቃ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ድመት የጣላት ነበር የሚመስለኝ።

የእርሻ መሥሪያ ቤታችሁ እንግዲህ አስፋልቱ ዳር መብራት የሚያበዙት ሦስቱ ቤቶች፣ ማለት የወይዘሮ አልታየች ሆቴል፣ የፈንታሁን ነዳጅ ማደያና የሙሄዲን ዘይት መጭመቂያ፣ በስምምነት መብራታቸውን እንዲቀንሱ ይፈልጋል። ከሕዝቡም የወደቀውን የሚያነሡ በጎ ፈቃደኞች ይፈልጋል። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይህ ካልሆነ የወፎቹ ክፍል ይዘጋል፤ አንቺም መተከል ወዳለው ሰፈራ ጣቢያ ትላኪያለሽ። የገባኝ ይኸው ነው። የመጨረሻው ግን ከሁሉ ቀድሞ ነው የገባኝ።

ትናንት ወይዘሮ አልታየች ዘንድ ሄድሁ። የመጋረጃዋን ጠርዝ ስለ ሰፋሁላት ታከብረኛለች ብዬ ነበር።

«ጋሽ ኑርሁሴን፣ የአሰብ ሹፌር ምን አይቶ የሚቆም ይመስልዎታል? የኔን መልክ?» አለችኝ።

«የወጥሽን ሽታ» አልኋት።

«ሽታ ተሳቢ ላይ አይደርስም! መብራት አይቶ ነው የሚቆም። የኔ ጠፍቶ የፈንታሁን ከበራ ነዳጁንም እዚያ ይቀዳል፣ ሻዩንም እዚያ ይጠጣል፣ ከመኪናው ሥር ይተኛል። ለወፍ ብዬ ልጆቼን ላስርብ?»

ፈንታሁን «እሷ ታጥፋና አጠፋለሁ» አለ። ሙሄዲን ደግሞ ሁለቱ ካጠፉ በኋላ ያስብበታል። እንግዲህ ሦስቱም ተስማምተዋል ማለት ነው፤ ላለማጥፋት።

ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር ራሴን ጠየቅሁ። ሥራ በኒያ፣ በልብ ሐሳብ፣ ነው ይባላል። ሰው ምንዳ የሚያገኘው ልቡ በፈለገው ነው። እኔ ለአላህ ፍጥረት አዝኜ ነው የሄድሁት ወይስ አንድ ልጄን ላለማጣት? እናትሽ ከሪማ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ብትኖር ፊቴን አይታ ትነግረኝ ነበር። እኔ የራሴን ፊት አላየውም።

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ መልካም ዜና አልላክሁልሽም።

አባትሽ ኑርሁሴን ይማም

*

ደሴ
ነሐሴ 21 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ

ወአለይኩም ሰላም አባ። በጣም ናፍቀውኛል። መድኃኒቱን ልኬያለሁ፤ «አትላኪ» ያሉት እንዳልደረሰኝ ይቁጠሩት።

በጀላል አፍ «እንቢ ማለት አይቻልም ወይ?» ብለው ልከውብኛል። ይቻላል፤ እንቢ ብሎ ቤት መቀመጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ መሥሪያ ቤት አይቀጥረኝም። ስለዚህ ይህን ደግመው አይጠይቁኝ፤ እኔም ራሴን መጠየቅ ትቻለሁ።

አሁን ሁለት ነገር ልንገርዎት። አንደኛው፣ መብራቱ የግድ መጥፋት የለበትም። ወፏን የሚያሳስታት ወደ ሰማይ የሚሄደው ብርሃን ነው። ወደ መሬት ቢወርድ ይበቃል። ወይዘሮ አልታየች ሹፌሮቿን አታጣም። ይህን አስቀድሜ አለመንገሬ የኔ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው፣ በጎ ፈቃደኞቹን በቀበሌ በኩል ይፈልጉ። በራስዎ ሰው አይሰብስቡ። አለቃዬ ጓድ ወርቅአፈራሁ «ያልተፈቀደ ስብሰባ የወፍም ቢሆን ስብሰባ ነው» ይላሉ። መሥሪያ ቤቱ ለነጋዴዎቹ ደብዳቤ እንዲጽፍልዎ ለምኛቸው ነበር። «መጀመሪያ ውጤቱን እንይ፣ ወረቀቱ ይከተላል» አሉኝ። እዚህ ቤት ወረቀት ተከትሎ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ግን ሌላ መንገድ የለኝም።

ስለ መተከል ለማንም አይንገሩ። ለልጁ ብሎ ነው እንዲሉ አልፈልግም።

ስለ ኒያ የጻፉት ሲያስጨንቀኝ ሰነበተ። እርስዎ እንዲህ ካሉ እኔ ምን ልበል? እኔም ወፎቹን እወዳለሁ፣ ግን ደሴን ለመልቀቅ እፈራለሁ። የትኛው እንደሚበልጥ ሚዛን የለኝም።

ልጅዎ ዘይቱና

*

ኮምቦልቻ
መስከረም 8 ቀን 1982 ዓ.ም.

ልጄ ዘይቱና፣

አዲሱ ዓመት የኸይር ይሁንልሽ። መድኃኒቱ ደረሰኝ፤ እንዳልደረሰኝ ልቆጥረው ነበር፣ ግን ሳሉ ወሰደው።

«ነጋዴዎቹ ምን አሉ?» ላልሽው፣ አላህ ይመስገን እሺ አሉ! «ወደ መሬት ቢወርድ ይበቃል» ያልሽው ለልብስ ሰፊ የተጻፈ ቃል ነው። ወደ ራሱ የሚመጣውን ፀሐይ የሚከልል ሰው ባርኔጣ ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ ከመብራቱ ራስ ወደ ላይ የሚወጣውን የሚከልል ቆብ ሰፋሁ። ከተቀዳደደ የተሳቢ ሸራ ቆረጥሁና ዙሪያውን ሽቦ አስገባሁበት። አምፖሉ እንዳያቃጥለው ከላይ ሰፋ አደረግሁት። መሰላል ላይ ወጥቼ የመብራቱን ራስ በሜትር ስለካ ሰው ተሰበሰበ።

«ጋሽ ኑርሁሴን፣ ሱሪውስ መቼ ይደርሳል?» ይለኛል አንዱ።

«አስቀድሞ ይክፈል!» ይላል ሌላው።

ወይዘሮ አልታየች ደጇ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «መብራቴን አመነኮሱት!» ብላ ሳቀች። ማታ ሲበራ ግን ብርሃኑ ደጇ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ የሆቴሉ ስም ከበፊቱ ይልቅ ይነበባል። ፈንታሁን ይህን አይቶ በማግሥቱ «የኔስ?» ብሎ መጣ። ሙሄዲን «ከነሱ የኔ ይለቅ» አለኝና አንድ ክንድ ጨመርሁለት።

ከዚያ የአብዮቱ በዓል መጣ። አሥራ አምስተኛ ዓመት ነው ተብሎ ንግድ ቤት ሁሉ ባለ ቀለም አምፖል እንዲሰቅል፣ ያለውም መብራት ምንም ሳይሸፈን እንዲበራ ቀበሌው አዘዘ። ቆቦቹን በገዛ እጄ አወረድሁ። በዋዜማው ደግሞ ጉም ወረደ። ሲነጋ ያየሁትን አልጽፍልሽም። በማግሥቱ መልሼ አለበስኋቸውና ከዚያ ወዲህ የሚወድቀው ጥቂት ነው።

ስለ በጎ ፈቃደኞቹ ጠይቀሽኛል። ብስቅ ይሻለኛል። የሴቶች ማኅበሯ ሊቀ መንበር ጓድ የኔነሽ ዘንድ ሄድሁ። «በጎ ፈቃደኛ ነው የፈለጉት? ነገ አመጣልዎታለሁ። ያልመጣች ትቀጣለች!» አለችኝ። «እኅቴ፣ በፈቃዷ የምትመጣ ነው እኮ» ብላት «በፈቃዷ ነዋ! ፈቃዷን ካልሰጠች ነው የምትቀጣው» አለች።

እውነትም ሴቶቹ መጡ። ከመጡ አይቀር ብላ ግን አዳራሹ ውስጥ አስቀምጣ ለግንባር የሚሄድ በሶ ስታስፈጫቸው ዋለች። እኔ በር ላይ ቆሜ «ስለ ወፎቹስ?» ብል «ከስንቅ ወፍ ይቀድማል?» ብላ ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ እኔን ሲያዩ መንገድ ይለውጣሉ። ደግሞ ላስፈጫቸው የመጣሁ እየመሰላቸው ነው። በቀበሌ በኩል ካልሽኝ በቀበሌ በኩል ይኸው ነው።

አንድ ፈቃደኛ ብቻ አለችኝ፣ እሷም እንደሆነች አታውቅም። ወይዘሮ አልታየች በየጧቱ «እኔ ወፍ ለማንሣት አልተፈጠርሁም» እያለች የወደቁትን በቀሚሷ ታቅፍና ባዶ የለስላሳ ሳጥን ውስጥ ጥላ ሥር ታኖራቸዋለች። ፀሐይ ሲሞቅ ግማሾቹ ተነሥተው ይሄዳሉ።

ለአለቃሽ ንገሪ። ሦስት ቤቶች፣ አንድ ፈቃደኛ። ይበቃል ይሆን?

አባትሽ ኑርሁሴን

*

ደሴ
ጥቅምት 1 ቀን 1982 ዓ.ም.

አባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለሁለት ደብዳቤዬ መልስ አልመጣም። የላኩት ቆብ ደረሰኝ፤ ጓድ ወርቅአፈራሁ ራሳቸው ላይ ደፍተው መስተዋት ፈለጉ። ከሳቁ በኋላ «ይህማ ሥራ ነው፤ ክፍሉ ለአንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል» አሉ። አባ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት! ለመጀመሪያ ጊዜ መተከልን ሳላስብ ተኛሁ። እሑድ በይለፍ ወረቀት ኮምቦልቻ ድረስ መጥተው ሥራውን ሊያዩት ነበር፤ አሁን መንገዱ ተከልክሏል ብለው አስተላልፈውታል። ከሰሜን ስለሚሰማው ነገር በደብዳቤ አልጽፍም። ደሴ ወታደር በወታደር ሆናለች።

ጀላል ግን ዛሬ መጥቶ ዓይኔን ሳያየኝ «ሱቃቸው ዝግ ነው» አለኝ። «ከመቼ ጀምሮ?» ስለው «ነዳጅ ልቅዳ» ብሎ ሄደ። ጀላል ነዳጅ ሳይቀዳ ወሬ የሚያወራ ሰው ነው። ታመሙ ወይ? ሳሉ ነው? መውሊድን ከማን ጋር ሊውሉ ነው? እባክዎን አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ዘይቱና

*

ኮምቦልቻ
ጥቅምት 4 ቀን 1982 ዓ.ም.

ልጄ፣

ስለ ወረቀቱ ይቅርታ፤ የሲሚንቶ ከረጢት ነው፣ ሌላ አላገኘሁም። ደኅና ነኝ። ሱቁን የዘጋሁት ለጥቂት ቀን ልረፍ ብዬ ነው። መውሊድን ከሰዎች ጋር ዋልሁ፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በነቢዩ ላይ ሰለዋት አወረድን።

«ምን ይበላሉ?» ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ ወይዘሮ አልታየች ዳቦ ትልካለች።

ቆቦቹ ለጊዜው ወርደዋል። ሰው ስለነሱ ቢጠይቅሽ «የአባቴ የራሱ ሐሳብ ነው» በይ። ውሸት አይደለም፤ ሸራውን የቆረጥሁ እኔ ነኝ። አንቺ ደሴ ተቀምጠሽ ስለ ኮምቦልቻ መብራት የምታውቂው ነገር የለም። ይህን ቃል ጠብቂልኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ዝም ካልሽ ነገሩ ያልፋል፤ አንቺም ባለሽበት ትቆያለሽ።

በዚህ ሳምንት አትምጪ። መንገዱ ጥሩ አይደለም።

ኑርሁሴን

*

ደሴ
ጥቅምት 8 ቀን 1982 ዓ.ም.

አባ፣

ዋሽተውኛል። በሕይወትዎ ሲዋሹኝ የመጀመሪያዎ ስለሆነ አልቻሉበትም።

ጀላልን መኪናው ፊት ቆሜ አላንቀሳቅስም አልኩት። ሁሉንም ነገረኝ። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ቀበሌው እስር ቤት ነዎት። ከተማውን ከሰማይ እንዳይታይ ሸፍነሃል ተብለዋል። ሦስቱም ነጋዴዎች «እሱ ነው ያመጣብን» ብለው ፈርመዋል። እርስዎም «ማን አዘዘህ?» ሲባሉ «ማንም» እንዳሉ ነው። ስሜን አልጠሩም። ለምን እንዳልጠሩ አውቃለሁ።

ትናንት ጓድ ወርቅአፈራሁ ጠሩኝ። ከኮምቦልቻ ጥያቄ መጥቷል፤ መሥሪያ ቤቱ ስለዚህ ነገር የሚያውቀው አለ ወይ የሚል። መልሱን ጽፈው አዘጋጅተው ነበር፤ አናውቅም የሚል። ከሥሩ የኔ ፊርማ ነበር የቀረው። «ፈርሚና ክፍልሽ ይቆያል፣ አንቺም ደሴ ትቆያለሽ» አሉኝ። ያን ቆብ ጠረጴዛቸው ላይ ፈለግኩት፤ አንሥተውታል።

«አባቴስ?» አልኳቸው።

«ሽማግሌ ነው፤ ይለቁታል።»

«መቼ?»

ወረቀቱን ወደኔ ገፉት።

አልፈረምኩም አባ። ሌላ ጻፍኩ። «ሥራው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ፤ ሰውየው ፈቃደኛ ናቸው» ብዬ ፈርሜ ማኅተሙን ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ወስጄ ራሴ መታሁበት። ለዚህ የሚከተለውን ያውቁታል። ሰኞ ከሠፋሪዎቹ መኪና ጋር ትሄጃለሽ ተብያለሁ።

አይቆጡኝ። እርስዎ እኔን ለማቆየት ዝም አሉ። እኔ ደግሞ እርስዎ እዚያ ሆነው እዚህ ብቆይ ምን ላደርገው ነው?

እስከ ሰኞ ከለቀቁዎት ይምጡ። መናኸሪያው ጋ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ዘይቱና

*

ኮምቦልቻ
ኅዳር 10 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘይቱና ኑርሁሴን
መተከል፣ ሰፈራ ጣቢያ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ነሽ ልጄ? ገላሽ እንዴት ነው? ከመንገድ ላይ የላክሽው ደረሰኝ፤ ከደረሽ ወዲህ የጻፍሽው ካለ ግን አልደረሰም። ይህም ይድረስሽ አይድረስሽ አላውቅም። ብቻ ስታገኚው «ለምን ሰኞ አልመጡም?» ብለሽ ደጋግመሽ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

የፈቱኝ እሑድ ከሰዓት ነው። የደሴ መልስ መጥቷል፣ የልጅህ ፊርማ ነው ብለው ወረቀቱን አሳዩኝ። ፊርማሽን አየሁት። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የስምሽን መጀመሪያ ያቺን «ዘ» አጠማዝዘሽ ነው የምትጽፊያት። በቀጥታ ጓድ የኔነሽ ዘንድ ሄጄ የይለፍ ወረቀት ለመንሁ፤ አሁን የቀበሌውን ይለፍ የምትሰጠው እሷ ናት። «በዋስ የተፈታ ሰው ከቀበሌ አይወጣም» አለችኝ። «ልጄን ልሸኝ ነው» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና እሷም ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ ልጇ ግንባር ነው። ወረቀቱን ግን አልሰጠችኝም። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሱቄ ተቀምጬ የሰው ሱሪ ሰፋሁ። አንዱን እግር ከሌላው አስረዝሜ ሰፍቼው ባለቤቱ መልሶ አመጣው።

ስለ ምርመራው ምንም እንዳልጽፍልሽ ነበር ሐሳቤ። ግን ከሰው ከምትሰሚው ከኔ ይሻላል። አልመቱኝም። ከአውራጃ የመጣ አንድ ሰው ነበር፣ ቀጭን፣ ጨዋ፤ ወንበር ሰጠኝ።

«ሽማግሌ፣ ወንበዴው አውሮፕላን አለው?» አለኝ።

«የለውም ሲሉ እሰማለሁ።»

«አውሮፕላን ያለው ማነው?»

«መንግሥት።»

«ታዲያ መብራቱን ከሰማይ የምትሸሽገው ከማን ነው?»

ወላሂ ልጄ፣ እሱ ወንበር ላይ እኔ ብቀመጥ ያንኑ እጠይቅ ነበር። «ከወፍ ነው» አልሁት። አብሮት ያለው ጸሐፊ ሳቀ። ሰውየው ግን አልሳቀም፤ «ይህን ልጽፍልህ አልችልም» አለኝ፣ ለኔ እንዳዘነ ሁሉ። ከቆብ መስፋት በፊት ይህን ማሰብ ነበረብኝ። አንቺ ስለ ወፎቹ አሰብሽ፤ እኔ ስለ ሸራውና ስለ ሽቦው አሰብሁ። በዚህ ዘመን ሰማዩ የማን እንደሆነ ያሰበ የለም።

በነጋዴዎቹ አትቀየሚ። ወይዘሮ አልታየች «ቆቡን ሲያለብስ ተው ብየዋለሁ» ብላ ፈረመች፤ በዚያው ቀን ማታ ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ ላከችልኝ። ስፈታ ልትጠይቀኝ አልመጣችም። ከሳምንት በኋላ የልጇን ዩኒፎርም ይዛ መጣችና ገና ሳትቀመጥ «ልጆች አሉኝ ጋሼ» አለች። «አውቃለሁ» አልኋት። ዩኒፎርሙን ተቀብዬ መስፋት ጀመርሁ። ሙሄዲን ሰላምታዬን ይመልሳል፤ ፈንታሁን ገና ነው።

«ወፎቹስ?» ብለሽ ከመንገድ ላይ ሁሉ ጠይቀሻል። መብራቱ አሁን ሌሊቱን በሙሉ እንዲበራ ትእዛዝ ነው፤ መጭመቂያው ጣሪያ ላይም ትልቅ መብራት ተጨምሯል። ሰዓት እላፊ ስላለ ሱብሂን ቤቴ ነው የምሰግደው። ወጥቼ መሄድ ሲፈቀድ ጠራጊዎቹ ደጁን ጨርሰውታል፤ ስለዚህ ምን እንደወደቀ አላይም። የሙሄዲን ድመቶች ግን ወፍረዋል። ወይዘሮ አልታየች ወፎቹን ታኖርበት የነበረው ሳጥን አሁን ለስላሳ ይመላለስበታል። ክፍላችሁ ተዘግቶ ቢሮው ለስንቅ ማከማቻ እንደ ተሰጠ ጀላል ነገረኝ። እንግዲህ አለቃሽ የሰጡሽን ወረቀት ብትፈርሚም ይዘጋ ነበር ብዬ ልጽናናበት ሞከርሁ። አልሆነልኝም። ቢዘጋም ደሴ ትሆኚ ነበር።

ቀደም ብሎ ስለ ኒያዬ የጻፍሁልሽ ነገር አለ። አሁን መልሱን አውቄዋለሁና ልንገርሽ፤ ከዚህ በኋላ እንደ ጥሩ ሰው እንድታስቢኝ አልፈልግም። እስር ቤቱ ውስጥ ዱዓ ሳደርግ ስለ ወፍ አንድ ቀን አልለመንሁም። «ያረቢ፣ ልጄን አትውሰድብኝ» ነበር የምለው። ያ ሰውዬ «የከተማውን መብራት ሁሉ አብራ፣ ልጅህ ትቀራለች» ቢለኝ ኖሮ መሰላሌን ተሸክሜ በየቤቱ እየዞርሁ በገዛ እጄ አበራ ነበር። የሚረግፈውን እያየሁ አበራ ነበር። ጌታዬ ይህን ያውቃል። በልቤ ያለውን ዱዓ ማድረግ አፍራለሁ አሁን፤ ዝም ብዬ እሰግዳለሁ፣ እጄን ሳልዘረጋ እነሣለሁ።

መስጊድ በቅርብ አለ? ውኃውን አፍልተሽ ጠጪ። የቤቱ ጣሪያ ሣር ነው ይላሉ፤ እውነት ነው? ጫማ ሳታራግፊ እግርሽን አታስገቢ።

ጣቢያው አዲስ ስለሆነ መብራት ገና አልገባም አለኝ ጀላል። በሰባት ቀን መንገድም አንድ አምፖል የለም አለ። እንግዲያ ወፎቹ በዚያ በኩል የሚያልፉ ከሆነ ሳይወድቁ ነው የሚያልፉት። ትሰሚያቸው ይሆናል። ብቻ ልጄ፣ እዚያ ወባ አለ፤ ሲመሽ ወደ ሰማይ እያየሽ ደጅ አትቁሚ። ግቢና በሩን ዝጊ።

አባትሽ ኑርሁሴን ይማም